ሥራ ሳይጠራ በመጣበት ክረምት

(በመጻሕፍት ወዳጆች ስብሰባ ላይ ካቀረብኩት ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተደርጎ የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ? ብዙዎቻችሁ ከሥራ በቀጥታ እንደመጣችሁ ፊታችሁ ይናገራል። ስለዚህ ቶሎ ወደ ነገሬ ልግባ።

አዘጋጆቹ «ሥራ ሲበዛ እንዴት ይነበባል?» በሚል ሐሳብ ላይ እንድናገር ጠየቁኝ። የምለው አንድ ነገር ነው። ለደስታ የሚነበብ መጽሐፍ ሥራ እስኪያልቅ ከጠበቀ አይነበብም። እንደ አንድ ሥራ ዕቅድ ውስጥ ከገባም አይነበብም። ቦታው ሌላ ነው። የት እንደሆነ ያለፈው ክረምት በደንብ አሳይቶኛል።

ሥራዬ አርትዖት ነው። ሰዎች የጻፉትን አነባለሁ፣ አርማለሁ፣ አስተካክላለሁ። በእኛ ሙያ ክረምት ብዙ ጊዜ ቀለል ይላል። ደንበኞች እረፍት ይወጣሉ፣ ስብሰባ ይቀንሳል፣ ስልኩም ዝም ይላል። እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ «ክረምት ላይ አነባቸዋለሁ» ያልኳቸውን መጻሕፍት ጠረጴዛዬ ጥግ ላይ ደርድሬ ነበር።

ከዚያ ስልክ ተደወለ። አንድ የሙያ ባልደረባዬ ታሟል። ይዞት የነበረው ትልቅ ሪፖርት ግማሽ ላይ ቆሟል። የማስረከቢያው ቀን ደግሞ አይገፋም። «ካንተ ሌላ የምንጠይቀው ሰው የለም» አሉኝ። እሺ አልኩ። አሁንም ቢደወል እሺ እላለሁ። ሰው ሲታመም ሥራው ሜዳ ላይ እንዳይቀር መድረስ ያለ ነው።

ሌላ ሰው የጀመረውን ሥራ መጨረስ ከባድ ነው። የሚከብደው የገጹ ብዛት አይደለም። የአንድ መሥሪያ ቤት ስም ሦስት ቦታ ላይ ሦስት ዓይነት ተጽፏል። ባልደረባዬ የትኛውን እንደመረጠ ለማወቅ ያረማቸውን ገጾች ከመጀመሪያው ጀምሬ ማየት አለብኝ። ሠንጠረዡ ላይ ያለው ድምር ጽሑፉ ውስጥ ካለው ጋር አይገጥምም። የትኛው ነው ትክክሉ? ጸሐፊዎቹን ለመጠየቅ ኢሜይል እልካለሁ። እነሱ እረፍት ላይ ናቸው። አንዲት የግርጌ ማስታወሻ ስትወጣ ከእሷ በታች ያሉት ቁጥሮች በሙሉ ይዛወራሉ። «ማስታወሻ 14ን ይመልከቱ» የሚለውን ሁሉ እንደገና ማሳደድ ነው። በዚህ ላይ በክረምት የሚሠራ አርታኢ መኖሩ ሲሰማ ሌላ ሥራ መጣ፤ እሱን ተከትሎም ሌላ። ጠረጴዛው ጥግ ላይ ያሉት መጻሕፍት እንደተደረደሩ ቀሩ።

እንዲህ ሲሆን ሁላችንም የምንለው ነገር አለ። «ይቺ ትለቅና አነባለሁ» እንላለን። ይህን አባባል በቁም ነገር እንየው፤ ምክንያቱም ብዙ መጽሐፍ የሚቀረው በእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ አንድ የሥነ ልቦና ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ የመመረቂያ ጽሑፍ የያዙ ተማሪዎችን መቼ እንደሚጨርሱ ጠየቋቸው። ተማሪዎቹ በአማካይ 34 ቀን ገደማ ብለው ገመቱ። የፈጀባቸው ግን 55 ቀን ተኩል ነው። የሚገርመኝ ሌላው ነው። «ሁሉም ነገር ቢበላሽ በስንት ቀን ትጨርሳላችሁ?» ተብለውም ነበር። ለዚህ የሰጡት መልስ 49 ቀን ገደማ ነበር። ክፉ ክፉውን አስበውም እንኳ ሥራው ከግምታቸው አለፈ። እንግዲህ ሳይታሰብ የመጣ፣ ሌላ ሰው የጀመረው ሥራ መቼ እንደሚያልቅ ማን ያውቃል? «ይቺ ትለቅና» ማለት መጽሐፉን ቀን ለሌለው ቀጠሮ መስጠት ነው።

ደግሞም ሥራው ቢለቅ እንኳ ጭንቅላታችንን አይለቅም። ሶፊ ለርዋ የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት ይህን አሳይታለች። ሰው ከአንድ ሥራ ወደ ሌላው ሲሻገር ከፊል ሐሳቡ እዚያው ቀድሞ የነበረበት ላይ ይቀራል። በተለይ የመጀመሪያው ሳያልቅ ከተተወ። ይህን ለማመን ጥናት የሚያስፈልገን አይመስለኝም። ማታ አልጋ ላይ ሆናችሁ አንዱን ገጽ ጨርሳችሁ ምን እንደሚል ሳታውቁ ወደሚቀጥለው የተሻገራችሁበት ጊዜ የለም? ዓይን ያነባል፤ ልብ ቢሮ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ «ማንበብ ተሳነኝ፣ ትኩረቴ ጠፋ» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል። ትኩረቱ ግን አልጠፋም። የቀኑ ሥራ ላይ ተቀምጧል።

ታዲያ ከዚያ የሚያስነሳው ምንድን ነው? አሁን የምናገረው ብዙዎች ከሚመክሩት ጋር አይስማማም። ሥራ ሲበዛ አጭር ነገር አንብቡ ይባላል። አጭር ልቦለድ፣ መጣጥፍ፣ ጥቂት ገጽ። እኔ የምለው ረጅም ልቦለድ ያዙ ነው። በዚህ ክረምት ያወጣኝ እሱ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በአንድ ታሪክ ውስጥ ከባዱ ነገር መግባቱ ነው። ሰዎቹ እነማን ናቸው? የት ነው ያሉት? ማን ከማን ተጣልቷል? ማን ነው የሚያወራልኝ? አጭር ልቦለድ ይህን ሥራ በየማታው እንደ አዲስ ያሠራችኋል። ገብታችሁ ገና ስትደላደሉ ያልቃል። በማግስቱ ደግሞ ሌላ ሰው፣ ሌላ አገር፣ ሌላ ድምፅ። ረጅም ልቦለድ ላይ ግን የመግቢያውን ሥራ የምትሠሩት አንድ ጊዜ ነው። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ይፈትናሉ፤ አልዋሽም። ከዚያ በኋላ ግን እንደ ዘመድ ቤት ሳታንኳኩ ትገባላችሁ። ሰዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። ትናንት የት እንደተዋችኋቸው ታስታውሳላችሁ። አምስት ገጽ ብቻ ብታነቡ እንኳ አምስቱም ንባብ ነው፤ ግማሹ ትውውቅ አይሆንም። እንዲያውም ቀን ሥራ ላይ ሆናችሁ «ያቺ ልጅ ደብዳቤውን ታገኘው ይሆን?» ማለት ትጀምራላችሁ። ያኔ ሐሳባችሁ በተቃራኒው ሄደ ማለት ነው። የመጽሐፉ ቅሪት ሥራው ላይ ይወድቃል።

እርግጥ አጭር ልቦለድ አልወድም እያልኩ አይደለም። እወዳለሁ። ግን ሙሉ ሰው ይፈልጋል። የደከመ ሰው ቶሎ ቶሎ መግባትና መውጣት አይችልም።

ስለመግባት ካነሳሁ አይቀር አንድ ደብዳቤ ልጥቀስ። የጣሊያኑን ጸሐፊ ኒኮሎ ማኪያቬሊን ሁላችሁም በፖለቲካው ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1513 ከሥልጣን ተባሮ፣ ታስሮና ተሠቃይቶ፣ ከፍሎረንስ ውጭ ያለች የእርሻ ቤቱ ገብቶ ይኖር ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 10 ቀን ለወዳጁ ለፍራንቼስኮ ቬቶሪ ውሎውን ጻፈለት። ጠዋት ጫካው ውስጥ ከእንጨት ቆራጮች ጋር ይውላል፤ እነሱም ሁልጊዜ ጭቅጭቅ አያጡም። ከሰዓት ደግሞ መንገድ ዳር ካለች መጠጥ ቤት ይገባል። እዚያ ባለቤቱ አለ፣ ሥጋ ሻጭ አለ፣ ባለ ወፍጮ አለ፣ የምድጃ ሠራተኞችም አሉ። ከእነሱ ጋር ካርታ ይጫወታል። ለአንዲት ሳንቲም ይጨቃጨቃሉ፤ ጩኸታቸውም ጎረቤት መንደር ድረስ ይሰማል።

ሲመሽ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከማንበቢያ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ጭቃ የነካውን የቀን ልብሱን ያወልቃል። የቤተ መንግሥት ልብሱን ይለብሳል። እንዲህ ሆኖ ወደ ጥንቶቹ ሰዎች ይገባል። ይጠይቃቸዋል፤ እነሱም ይመልሱለታል። ለአራት ሰዓት ምንም አይሰለቸኝም፣ ጭንቀቴን ሁሉ እረሳለሁ ይላል። ድህነት አያስፈራውም፤ ሞትም አያስደነግጠው።

ብዙ ሰው ይህን ደብዳቤ የሚጠቅሰው ለማታው ንባብ ነው። ከዚያ ንባብ ስለ መሣፍንት የጻፋት ትንሽ መጽሐፍ ወጥታለችና። እኔ ግን በይበልጥ የምወደው ቀን ላይ ያለውን ነው። ከጫካው ወጥቶ ወደ አንዲት ምንጭ ሲሄድ መጽሐፍ በብብቱ ይዟል። ዳንቴ ወይም ፔትራርካ፣ አለዚያም እንደ ኦቪድ ካሉት ባለቅኔዎች አንዱን። የፍቅር ግጥማቸውን ያነባል፣ የራሱን ፍቅር ያስታውሳል፣ ትንሽ ይደሰታል። ከዚያም ወደ መንገዱ ይሄዳል። ከዚህ ንባብ ምንም አልወጣም። መጽሐፍ አልጻፈበትም፣ ሹመት አላስመለሰለትም። በጭቅጭቅና በጭቅጭቅ መሐል ትንሽ ደስ ብሎት ዋለ። ለደስታ ማንበብ የምለው ይህን ነው።

የልብስ መቀየሩንም ነገር አትናቁት። የግድ ካባ መልበስ የለብንም። ግን ከቀኑ ሥራ ወደ መጽሐፉ ስንሻገር ሰውነታችን የሚያውቀው አንድ ነገር ያስፈልጋል። እኔ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ስለምውል ማታ የማነበው የታተመ መጽሐፍ ብቻ ሆነ። ሥራ የምሠራበት ወንበር ላይ ተቀምጬም አላነብም። እና ደግሞ እስክሪብቶ በአጠገቤ አይኖርም።

የእስክሪብቶው ነገር ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ በአጠገቤ ካለ ማረም ስለሚያምረኝ ነው። ስናነብ ዓይናችን በመስመሩ ላይ ቀስ ብሎ የሚንሸራተት ይመስለናል። እንዲያ አይደለም። ይዘላል። አንድ ቦታ ላይ ለሩብ ሰከንድ ያህል ያርፋል፣ ይዘላል፣ እንደገና ያርፋል። ብዙ አጫጭር ቃላትን ጨርሶ ሳያርፍባቸው ያልፋል። አንዳንዴ ደግሞ ወደኋላ ይመለሳል። አንባቢው ይህን አያውቀውም፤ የሚያውቀው ታሪኩን ነው። ስህተት ለማረም ስናነብ ግን ሌላ ነው። ዓይን ቃላቱ ላይ ይቆያል። የሚዘለለው ቃል ይቀንሳል፤ ስህተት የሚደበቀው የምንዘለው ቃል ውስጥ ነውና። እኔ ቀኑን ሙሉ የማነበው እንዲህ ነው። አስተማሪዎችም የፈተና ወረቀት ሲያርሙ፣ የሕግ ባለሙያዎችም ውል ሲመረምሩ፣ ሒሳብ ሠራተኞችም ሰነድ ሲያመሳክሩ እንዲሁ ነው የሚያነቡት። ማታ ልቦለድ ሲይዙ ዓይኑ ያንኑ መሥራት ይቀጥላል። የተደገመ ቃል ያያል፣ የጎደለ ነጥብ ያያል፣ ሰውየው በገጽ 40 የነበረው ዕድሜ በገጽ 90 ለምን ተቀየረ ይላል።

ለዚህ የጠቀመኝ አንድም ድሮ ያነበብኩትን መልሶ ማንበብ ነው። ታሪኩን ስለማውቀው አልጠረጥረውም፤ የምጠብቀው የምወዳቸውን ቦታዎች ነው። ሌላው ደግሞ ጮክ ብሎ ማንበብ ወይም ሲነበብ መስማት ነው። ጆሮ ነጥብና ሰረዝ አያርምም። አንዳንዶች በጆሮ የተሰማ መጽሐፍ እንደተነበበ አይቆጠርም ይላሉ። በዚህ በፍጹም አልስማማም።

ለምን እንደማልስማማ በኩባ ዋና ከተማ በሃቫና ታሪክ ልንገራችሁ። በኩባ ሲጋር የሚጠቀልሉ ሠራተኞች ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው በእጃቸው አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራሉ። እጅ ይሠራል፣ አእምሮ ሥራ ፈት ነው። እ.ኤ.አ. በ1865 በአንድ ፋብሪካ ውስጥ አዲስ ነገር ተጀመረ። አንድ ሰው ከፍ ካለ ቦታ ላይ ተቀምጦ ሌሎቹ ሲሠሩ ያነብላቸዋል። ሌክቶር ይባላል። ደመወዙን የሚከፍሉት ሠራተኞቹ ራሳቸው ነበሩ፤ ከየኪሳቸው አዋጥተው። ጋዜጣም ይነበባል፣ ልቦለድም ይነበባል። የትኛው ልቦለድ ይነበብ የሚለውን የሚመርጡትም እነሱ ናቸው። በዓመቱ የስፔን ቅኝ ገዥ አስተዳደር ይህን ከለከለ። ንባቡ ግን ተመልሶ መጣ፤ ሠራተኞቹም ወደ ፍሎሪዳ ሲሰደዱ ይዘውት ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1931 በታምፓ ከተማ የፋብሪካ ባለቤቶች ሌክቶሮቹን ሲያስወጡ ሠራተኞቹ ሥራ አቆሙ። በኋላ በአንባቢዎቹ ቦታ ሬዲዮ ገባ። ሞንቴክሪስቶ የሚባለው ታዋቂ ሲጋርም ስሙን ያገኘው ሠራተኞቹ ሲነበብላቸው ከወደዱት የአሌክሳንደር ዱማ ልቦለድ እንደሆነ ይነገራል።

እስቲ አስቡት። እነዚህ ሰዎች ሥራቸው እስኪያልቅ አልጠበቁም። ቢጠብቁ ኖሮ ደክመው ይተኙ ነበር። ልቦለዱን ሥራው መሐል አስገቡት፤ ከደመወዛቸውም ቆርሰው ከፈሉበት። ልቦለድ የሥራ ፈት ሰው መዝናኛ ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የማስበው እነሱን ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም እንዲሁ ሆኗል። እ.ኤ.አ. ከ1943 እስከ 1947 አሜሪካ ለወታደሮቿ ልዩ የኪስ መጻሕፍት አሳትማ በነጻ አከፋፈለች። ከ120 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ታትሟል። ቅርጻቸው ከቁመታቸው ወርዳቸው የሚበልጥ ነበር፤ የደንብ ልብስ ኪስ ውስጥ እንዲገቡ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ገጹ ላይ ያለው ጽሑፍ በሁለት ዓምድ ነው፣ መስመሩ አጭር እንዲሆን። ብዙዎቹ ልቦለዶች ነበሩ። አንድ ወታደር ቀጣዩ ትእዛዝ መቼ እንደሚመጣ አያውቅም። የሚያነበው የተሰጠው ቁራጭ ጊዜ ውስጥ ነው። መጽሐፉም ለዚያ ቁራጭ ጊዜ ተዘጋጅቶ በአጠገቡ አለ። እኔ ከዚህ የወሰድኩት መጽሐፉ በአጠገብ መኖሩን ነው። ጠረጴዛ ጥግ የተደረደረ መጽሐፍ ቁራጭ ጊዜ አይደርሰውም። ቦርሳ ውስጥ ያለው ግን ይደርሰዋል። ፋይል እስኪላክልኝ ስጠብቅ፣ ስብሰባ ሲዘገይ፣ ሰው ቀጥሮኝ ሲያረፍድ ያነበብኩት ትንሽ አይደለም። ቀድሞ በእነዚህ ጊዜያት የማወጣው ስልኬን ነበር።

አሁን ስለ ዕቅድ። ጠረጴዛው ጥግ ላይ የነበሩት መጻሕፍት ምርጫቸው ጥሩ ነበር። ሁሉም ማንበብ የሚገባኝ መጻሕፍት ናቸው። ችግሩም እሱው ነው፤ «የሚገባኝ» ናቸው። ቀኑን ሙሉ የሚገባኝን ስሠራ ውዬ ማታ ደግሞ ሌላ የሚገባኝ ነገር። በዓመት ይህን ያህል መጽሐፍ እጨርሳለሁ ብሎ ግብ መያዝም ለእኔ እንዲሁ ነው። ለሌላው ይሠራ ይሆናል። በሥራ ለተወጠረ ሰው ግን ዕዳ መጨመር ነው። መጽሐፉን ሲይዝ የሚያስበው ስንት ገጽ እንደቀረው ነው። እኔ ያነበብኩት ረጅም ልቦለድ ከዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። መደርደሪያ ላይ ዓይኔን ያዘኝ፣ ከፈትኩት፣ አንድ ገጽ አነበብኩ፣ ቀጠልኩ።

ምርጫ ትልቅ ጉልበት አለው። በልጆች ላይ የተደረገ አንድ ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2010 ሪቻርድ አሊንግተንና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ ከድሃ ቤተሰብ የመጡ ልጆች ለሦስት ዓመት ያህል የክረምት እረፍት ከመድረሱ በፊት 12 መጽሐፍ ይሰጣቸው ነበር። መጽሐፉን የሚመርጡት ልጆቹ ናቸው። የታዋቂ ዘፋኞችን ሕይወት የሚተርኩ ቀላል መጻሕፍትን የመረጡ ብዙ ነበሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ የንባብ ችሎታቸው ካልተሰጣቸው ልጆች በልጦ ተገኘ። ወላጆች የሆናችሁ ይህን ልብ በሉልኝ። ልጁ የመረጠውን «ይህ ደግሞ መጽሐፍ ነው?» ብሎ ከእጁ መንጠቅ ከባድ ጥፋት ነው። ለራሳችንም ቢሆን ይኸው ነው። ወንጀል ነክ ልቦለድ የሚያስደስታችሁ ከሆነ ወንጀል ነክ ልቦለድ አንብቡ። ያልጣማችሁን መጽሐፍ ደግሞ መሐል ላይ ተዉት። ለዚያ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም።

ብዙ ሰው ንባብን ሲያስተዋውቅ ጥቅሙን ይዘረዝራል። ጭንቀት ይቀንሳል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ለሥራ ውጤታማ ያደርጋል ይላል። እኔ በዚህ መንገድ ማውራት አልወድም። ጥቅም የለውም ብዬ አይደለም። ነገር ግን ለሥራ ውጤታማነት ብዬ ልቦለድ ካነበብኩ አሁንም ሥራ ላይ ነኝ። ያቺ ልጅ ደብዳቤውን ታገኘው እንደሆነ ለማወቅ ስል ብቻ ባነብ ይበቃኛል። ለእኔ በዚያ ሥራ በበዛበት ወቅት በቀኑ ውስጥ ማንም ያላዘዘኝ፣ ማንም የማይረከበኝ ነገር እሱ ብቻ ነበር። ያን ባጣ ኖሮ ክረምቱ ሙሉ በሙሉ የሌላ ሰው ይሆን ነበር።

ሪፖርቱ በቀኑ ተሰጠ። ባልደረባዬም ተሽሎታል፤ እንዲያውም ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል። ሌሎቹም ሥራዎች አንድ በአንድ ለቀቁ። ልቦለዱ ግን ገና አላለቀም። ሁለት መቶ ገጽ ገደማ ይቀረኛል፤ አልቸኩልም።

እኔ ብዙ አወራሁ። አሁን የእናንተን መስማት እፈልጋለሁ። በዚህ ክረምት ምን ሥራ ያዛችሁ? በመሐሉስ ምን አነበባችሁ? ስለ መጽሐፉ ስትነግሩን መጨረሻውን አትናገሩብን እንጂ ሌላውን እንደፈለጋችሁ። ከኋላ እጃቸውን ካነሱት እህት እንጀምር፤ ማይኩን አቀብሏቸው።